የደላንታን ውርጭ በቅጥቅጥ ውስጥ ማሳለፍ ይቻላል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የወፍጮ ጥገና ባለሙያ ናቸው። ሥራቸው በወሎ ደጋ ከደላንታዋ ከተማ ከወገልጤና ወደ ጋሸና፣ ከጋሸና ወደ ኮን፣ አንዳንዴም ወደ አቀስታ ያዞራቸዋል። በየከተማው ቤት መከራየት ስለሰለቻቸው አንድ ያረጀ የአይሱዙ ቅጥቅጥ ገዝተው፣ ወንበሮቹን አስወልቀው፣ ከባለቤታቸው ጋር ዓመቱን ሙሉ ሊኖሩበት አስበዋል። ባለፈው ኅዳር ወገልጤና ላይ ለሙከራ አንድ ሌሊት አደሩበት። ከሰል አቀጣጥለው፣ ፍም ሲሆን ወደ ውስጥ አስገብተው፣ አንዱን መስኮት በጣት ስፋት ከፍተው ተኙ። ሲነጋ ሁለቱንም ራሳቸውን አሟቸዋል፤ ባለቤታቸውን ደግሞ አቅለሽልሿቸዋል። ከጣሪያው የተንጠባጠበ ውኃ ብርድ ልብሱን አርሶታል፤ መስተዋቱ በውስጥ በኩል በረዶ ሠርቷል። «ብርዱ ክፉኛ መታን» ይላሉ። ባለቤታቸውም ሁለተኛ አላድርበትም ብለዋል። እርሳቸው የሚጠይቁት፣ ትልቅ ጄነሬተርና የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ብገዛ ይበቃኛል ወይ ብለው ነው።

ወንድሜ፣ ስለ ማሞቂያው ከማውራታችን በፊት ስለዚያ ሌሊት ልንገርዎ። ራሳችሁን ያመማችሁ ብርዱ ሳይሆን ከሰሉ ነው። እንኳን ለመንጋት በቃችሁ።

ከሰል ፍም ሲሆን ጢሱ ይጠፋል እንጂ መርዙ አይጠፋም። ብዙ ሰው «ጢሱ ካለቀ በኋላ ነው ያስገባነው» ብሎ ይጽናናል፤ ጢስ ያቆመው ቀይ ፍም ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ በብዛት ያመነጫል። ሽታም ቀለምም የለውም፤ ዓይን አያቃጥል፣ ጉሮሮ አይከረክር። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ጥብቀት ስለሚይዘው፣ ሰው እየተነፈሰ ይታፈናል። ምልክቱ እናንተ ያያችሁት ነው፦ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት። እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ራሱን ሊስት ይችላል። ወገልጤና ደግሞ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ከሰሉም አየር አጥሮት በወጉ አይነድም፣ እናንተም የምትቋቋሙት የመርዝ መጠን ይቀንሳል። ጣት የምታህል የመስኮት ክፍተት ደግሞ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ይህ ነው የሚባል አየር አታስገባም።

ከዚህ በኋላ አንድ ሕግ ይኑራችሁ፦ ከእናንተ ጋር አንድ አየር የሚጋራ እሳት ከተኛችሁ በኋላ ቅጥቅጡ ውስጥ አይኑር። ከሰል ብቻ አይደለም፤ የላምባ ምድጃም፣ ለማሞቂያ ተብሎ የሚለኮስ ቡታጋዝም፣ ሞተሩን አስነስቶ ማደርም በዚሁ ውስጥ ይገባሉ። ያረጀ ቅጥቅጥ የጭስ ማውጫው ተሸንቁሮ፣ ወለሉም በዝገት ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ጭሱ ከታች ወደ ላይ ይገባል። ቡና ያለ ፍም አይሆንም እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ እኔም ወሎዬ ነኝ። ቡናው ውጭ ይፈላ፣ ወይም በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ይጠጣ፤ ማንደጃው ግን ከመኝታ በፊት ይውጣ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም ገዝታችሁ በትራስጌያችሁ ከፍታ ስቀሉ። ዋጋው ከጄነሬተሩ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ከጮኸ መጀመሪያ መውጣት ነው፤ ምክንያቱን መፈለግ ከወጡ በኋላ ይደርሳል። ራስ ምታቱ ካልለቀቃችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱና «ከሰል ባለበት አድረን ነበር» ብላችሁ ንገሯቸው። «ብርድ መታን» ካላችሁ የጉንፋን መድኃኒት ተሰጥቷችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ጄነሬተሩ። አይግዙ። ምክንያቱን በቁጥር ላሳይዎ። የቅጥቅጡ ሣጥን ርዝመት 6 ሜትር፣ ስፋቱ 2.1፣ ከፍታው 1.9 ሜትር ነው ብለን እንያዝ። ወለሉን፣ ጣሪያውንና ግድግዳዎቹን ስንደምር 56 ካሬ ሜትር ያህል የሚቀዘቅዝ ገጽ አለው። አንድ ሚሊሜትር የማትሞላ ላሜራ ሙቀት የመያዝ አቅሟ ዜሮ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ጥቂት የሚከላከለው በላሜራው ግራና ቀኝ የሚጠጋው ቀጭን የአየር ሽፋን ነው። ውጭ ዜሮ ዲግሪ ሆኖ ውስጡን 15 ዲግሪ ለማድረግ ወደ 5,000 ዋት ያስፈልጋል፤ ያውም ሌሊቱን ሙሉ ሳይቋረጥ። ጄነሬተር ደግሞ በ3,000 ሜትር ከፍታ ከተጻፈበት ጉልበት ወደ 30 በመቶ የሚጠጋውን ያጣል። ነዳጁ አለ፣ ጩኸቱ አለ፣ የጎረቤት እርግማን አለ። በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው።

ያንኑ ሣጥን አምስት ሳንቲ ሜትር ፎም አልብሰው፣ የሾፌሩን ክፍል በግድግዳ ለይተው የመኖሪያውን ርዝመት ወደ 4.5 ሜትር ቢያሳጥሩት ግን የሚያስፈልገው ሙቀት ከ700 እስከ 900 ዋት ይሆናል። አንድ የተኛ ሰው ብቻውን ከ70 እስከ 80 ዋት ይሰጣል፤ ሁለት ስትሆኑ 150። የቀረውን እንዴት እንደምንሞላው እመጣበታለሁ። ገንዘብዎ መጀመሪያ መዋል ያለበት ሙቀት በመያዝ ላይ ነው።

ሌላው የታዘብኩት፣ በእነዚህ ጉዳዮች ላይ ሰው ምክር የሚቀዳው ከአሜሪካና ከኖርዌይ ቪዲዮዎች መሆኑ ነው። የእነርሱ ብርድ ሌላ፣ የእኛ ሌላ። እነርሱ ለሳምንታት ከዜሮ በታች ይቆያሉ፤ ቀኑ አጭር ነው፤ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ታልፋለች። የእኛ ደጋ በኅዳርና በታኅሣሥ ቀን ወደ 20 ዲግሪ ይጠጋል፣ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጧት አመዳይ የነጣው ሜዳ ረፋድ ላይ ደርቆ ይገኛል። ምክንያቱ የሰማዩ ጥራት ነው። ደመና የሌለበት ደረቅ ሰማይ ከምድር የሚወጣውን ሙቀት የሚመልስ ነገር ስለሌለው፣ ፀሐይ እንደገባች ሁሉም ነገር ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቅቃል። የመኪና ጣሪያ ደግሞ በቀጥታ ወደ ሰማይ ስለሚያይ ከአካባቢው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። በሐምሌና በነሐሴ ዳመናው ስለሚሸፍነን ሌሊቱ ያን ያህል አይከፋም፤ የዚያን ጊዜ ጠላታችሁ እርጥበት ነው። ስለዚህ እናንተ የምትፈልጉት ከባድ የሰሜን ዋልታ መሣሪያ አይደለም። የምትፈልጉት የአሥራ ሁለት ሰዓቱን ርዝመት ሌሊት የሚያሻግር፣ ቀን ላይ የፀሐይዋን ሙቀት የሚቀበል ሣጥን ነው።

ሣጥን የእኔ ሙያ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ የምሠራው የማቀዝቀዣ መኪና ሣጥን ነው፤ ሥጋና ክትባት የሚጫንበት። ቅዝቃዜን ውስጥ ማቆየትና ሙቀትን ውስጥ ማቆየት አንድ ሥራ ነው፤ የሚለያዩበት አንድ ቦታ ስላለ ግን የእኛን ሥራ አይተው በቀጥታ የሚገለብጡ ሰዎች ይሳሳታሉ። የውኃ እንፋሎት ከሞቀው ወገን ወደ ቀዘቀዘው ወገን ይጓዛል። በሥጋ መኪና ላይ የሞቀው ወገን ውጭው ነው፤ በእናንተ ቤት የሞቀው ወገን ውስጡ ነው። ስለዚህ እንፋሎት የሚያግደው ፕላስቲክ ከፎሙ በስተውስጥ፣ ግድግዳውን ከውስጥ ከሚያለብሰው ኮምፔንሳቶ ጀርባ ይሁን፤ መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ በፕላስተር ይታሸጉ። በተቃራኒው ከተሠራ እንፋሎቱ ፎሙን አልፎ ላሜራው ላይ ውኃ ይሆናል። እናንተ ሳታዩት ከውስጥ ይዝጋል፤ የምታውቁት ኮምፔንሳቶው አብጦ መሽተት ሲጀምር ነው።

ቅደም ተከተሉ ጣሪያ፣ መስኮት፣ ወለል፣ ግድግዳ ነው። ነጩ የፎም ጣውላ ይበቃል፤ ከላሜራው ጋር ተለጥፎ ይቀመጥ፣ በመካከሉ አየር የሚዘዋወርበት ክፍት ቦታ አይተው። ዋናው ተንኮለኛ ግን ቱቦላሬው፣ ማለትም ባለ አራት ማዕዘኑ የብረት ቱቦ ነው። የቅጥቅጥ ቦዲ የሚሠራው በቱቦላሬ አጥንት ላይ ላሜራ ተበይዶ ወይም በሪቬት ተይዞ ነው። አብዛኛው ሰው ፎሙን በቱቦላሬዎቹ መካከል ይሞላና ኮምፔንሳቶውን በቀጥታ ብረቱ ላይ በብሎን ያስራል። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ቱቦላሬ ሙቀትዎን ወደ ውጭ የሚያሸጋግር ድልድይ ይሆናል። በቱቦላሬው ላይ አንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር ፎም ይደርቡ፤ ከዚያም በላዩ ቀጭን የእንጨት ሞራሌ አስረው ኮምፔንሳቶውን ሞራሌው ላይ ይምቱ። ጥቂት ሳንቲ ሜትር ስፋት ታጣላችሁ፤ አይቆጭም።

ሥራው ማማሩን የምትፈትኑበትን መንገድ ልንገርዎ። ውርጭ ባለበት ሌሊት አድራችሁ ፀሐይ ሳትወጣ ከውጭ ሆናችሁ ጣሪያውንና ጎኑን ተመልከቱ። አመዳዩ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኖ ከሸፈነው ሙቀቱ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። ነጩ መካከል ጥቁር ሰንበሮች ከታዩ፣ እያንዳንዱ ሰንበር አመዳይ ያልያዘበት፣ ማለትም ሙቀታችሁ የሚያመልጥበት ቱቦላሬ ነው። አንድ ቦታ ላይ ክብ ጥቁር ነጥብ ካያችሁ ፎሙ እዚያ ጋ አልደረሰም። በኖራ ምልክት አድርጉበት። ወጪ የለውም፤ ከማንኛውም መሣሪያ የማያንስ መረጃ ይሰጣል። ለበርና ለመስኮት ክፈፍ ደግሞ ዕጣን አጭሳችሁ ጢሱን በክፈፉ ዙሪያ አዘዋውሩት፤ የሚወዛወዝበት ቦታ ነፋስ የሚገባበት ነው።

መስኮቶቹን በተመለከተ ልብ ጠንከር ማድረግ ያስፈልጋል። ቅጥቅጥ ለተሳፋሪ የተሠራ ስለሆነ ግራ ቀኙ መስተዋት ነው። ሁለት ወይም ሦስት አስቀርተው ሌላውን በላሜራና በፎም ይዝጉ። የሚቀሩት መኪናው ሲቆም ወደ ደቡብ በሚዞረው ጎን ቢሆኑ ይመረጣል፤ በበጋ ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ እኩለ ቀን ላይ እስከ መኝታችሁ ትገባለች። ለማታ በየመስኮቱ ልክ የተቆረጠ ፎም አዘጋጁ፤ ሲመሽ ይገጠማል፣ ሲነጋ ይነሳል። በሾፌሩ ክፍልና በመኖሪያው መካከል ያለውን ግድግዳ መሥራት ካልቻላችሁ ቢያንስ ከጣሪያ እስከ ወለል የሚደርስ ባና ስቀሉ፤ ጫፉ ወለሉ ላይ ይጎተት። የፊቱ መስተዋት ብቻውን ብዙ ሙቀት ያስመልጣል። በዚህ ጉዳይ የደጋ ሰው እጅ ሥራ ከውጭ ከሚመጣው ጨርቅ አያንስም። የበግ ጠጉር ከክብደቱ ወደ 30 በመቶ የሚሆን እርጥበት ጠጥቶ እንኳ እርጥብ ሆኖ አይሰማም፤ ባናም አጎዛም ለዚህ ነው እንደ ላስቲክ ብርድ ልብስ የማይቀዘቅዙት።

ከጣሪያው የተንጠባጠበው ውኃ ደግሞ ዝናብ አይደለም፤ የራሳችሁ ትንፋሽ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ሌሊት በትንፋሽና በላብ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ ወደ አየር ይለቃሉ። አንድ ኪሎ የምግብ ማብሰያ ጋዝ ሲቃጠል ደግሞ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ይህ ሁሉ የሚያርፍበት ቀዝቃዛ ገጽ ይፈልጋል፤ ባዶ ላሜራ ካገኘ እዚያው ይሰፍራል። ፎሙ ግማሹን ችግር ይፈታል። ቀሪውን የሚፈታው አየር ነው። በሩ አጠገብ ዝቅ ብሎ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ ዝናብ የማያስገባ ክዳን ያላት ሌላ ቀዳዳ ይኑሩ፤ ሁለቱም ዓመቱን ሙሉ ክፍት ይሁኑ። ጥቂት ሙቀት ትወስዳለች፣ አውቃለሁ። በኅዳር ሌሊት ማንም ሰው የመጀመሪያ ሐሳቡ ያቺን ቀዳዳ በጨርቅ መወተፍ ነው፤ እባክዎ አይወትፏት። ፍራሹንም በቀጥታ ኮምፔንሳቶ ላይ አያንጥፉት። ከሥሩ አየር የሚያልፍበት የእንጨት ርብራብ ከሌለ በአንድ ወር ውስጥ ሆዱ ይሻግታል።

ሣጥኑ እንዲህ ከተዘጋጀ በኋላ ስለ ማሞቂያ ብንነጋገር ያምራል። በእኔ አስተያየት መጀመሪያ የሚሞቀው አልጋው ነው። በ12 ቮልት የሚሠራ የሚሞቅ ብርድ ልብስ 50 ወይም 60 ዋት ቢወስድ ስምንት ሰዓት አድሮ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። ከዚያ ቀጥሎ ውኃ ነው። 20 ሊትር ውኃ ከ60 ዲግሪ ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይለቅቃል፤ ሌሊቱን ሙሉ 100 ዋት እንደማብራት ነው። ውኃውን ውጭ በእንጨት አሙቃችሁ፣ ሙቀት በሚችል ዕቃ ከድናችሁ አልጋው ሥር ማስገባት ትችላላችሁ። ተራ ፕላስቲክ ጀሪካን የፈላ ውኃ ሲገባበት ይለሰልሳል፤ ጠንካራ ወይም የብረት ዕቃ ይሁን፣ ክዳኑም ይጥበቅ። እሳቱ ውጭ ቀርቶ ሙቀቱ ብቻ የሚገባበት መንገድ ይህ ስለሆነ ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ።

ከዚህ በላይ ከፈለጋችሁ በናፍጣ የሚሠራ የመኪና ማሞቂያ አለ። የሚቃጠልበትን አየር ከውጭ ይስባል፣ ጭሱን ወደ ውጭ ይተፋል፤ ለእናንተ የሚደርሳችሁ በብረት ግድግዳ ተለይቶ የሞቀ አየር ብቻ ነው። ትንሹ፣ ባለ 2 ኪሎዋቱ፣ በዝቅተኛ ደረጃ በሰዓት ወደ 0.1 ሊትር ናፍጣ ይጠጣል። ትልቁን አይግዙ፤ እናንተ የምትፈልጉት ከአንድ ኪሎዋት በታች ስለሆነ ትልቁ ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ እየሠራ ጥቀርሻ ይሞላል። የከፍታው ነገር ደግሞ አለ። ርካሾቹ ማሞቂያዎች የሚቃኙት ለዝቅተኛ አገር ነው። ደላንታ ላይ አየሩ ስስ ሆኖ ናፍጣው ያው ከሆነ ጥቁር ጭስ ያወጣና በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይታፈናል። የነዳጅ ፓምፑን ምት ቀንሶ የማራገቢያውን ፍጥነት ከፍ ማድረግ የሚያስችል ወይም ከፍታን በራሱ የሚያስተካክል ዓይነት ካላገኙ ባይገዙት ይሻላል። የጭስ ቱቦው ከቦዲው ጠርዝ አልፎ ይውጣ እንጂ ወለሉ ሥር አይቁም፤ አየር ከምታስገባዋ ቀዳዳም በተቃራኒው ጎን ይሁን። ይህ ማሞቂያ ተገጠመ ብላችሁ ማስጠንቀቂያውን አትንቀሉት።

የእንጨት ምድጃ ከነጭስ ማውጫው መትከል የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ይጠይቀኛል። በቋሚ ቤት ጥሩ ነው። በቅጥቅጥ ውስጥ ግን ቦታ ይበላል፣ በየጉዞው መገጣጠሚያው ይላላል፣ ቱቦው በፎም መካከል አልፎ ጣሪያ ይበሳል። ነጩ ፎም ደግሞ እሳት ሲነካው ይቀልጣል፣ ይነድዳል፣ ጢሱም መርዝ ነው። እኔ አልመክርም።

የፀሐይ ኃይሉ ነገር ቀላል ነው፤ በዚህ በኩል ፈጣሪ አድልቶልናል። በጣም የሚበርድበት ወር በጣም ፀሐያማው ወር ነው። 300 ዋት የሚል ፓኔል በታኅሣሥ በቀን ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይሰጣችኋል፤ ብርዱም ራሱ ለፓኔሉ ይስማማዋል። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ አዘንብላ ከአድማስ 55 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለምትል፣ ፓኔሉን ጣሪያ ላይ ጠፍጣፋ ከማጣበቅ ወደ ደቡብ የሚነሳ ማጠፊያ ይሥሩለት። በባትሪ በኩል ሁለት ነገር ይያዙ። ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ኃይል ከተሞላ ይጎዳል፤ ስለዚህ ከወለሉ በላይ፣ በመኖሪያው ውስጥ ይቀመጥ። የአሲድ ባትሪ ደግሞ ባዶ ሆኖ ካደረ ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ሲወርድ ሊረጋና ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ሙሉ ሆኖ ካደረ አይደርስበትም። እርሱ ግን ሲሞላ ጋዝ ስለሚያወጣ ውጭ ባለ ሣጥን ውስጥ ይሁን።

ራዲያተሩን እንዳይረሱት። ብዙ ሾፌሮቻችን ንጹሕ ውኃ ብቻ ይሞላሉ፤ ኮምቦልቻ ላይ ችግር የለውም። ደላንታ ላይ ግን አንድ መጥፎ ሌሊት ራዲያተሩን ወይም የሞተሩን ብሎክ ሊሰነጥቅ ይችላል። አንድ ሦስተኛው አንቲፍሪዝ ቢሆን ለእኛ ብርድ ከበቂ በላይ ነው። ከፍታ ላይ ውኃ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ግፊት የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳንም ጤነኛ ይሁን፤ አለበለዚያ ሌሊት የፈራችሁት ሞተር ቀን ዳገት ላይ ይፈላባችኋል።

የት ታቆማላችሁ? ይህ ጥያቄ ከማሞቂያው አይተናነስም። ጥርት ባለ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እየተንሸራተተ ረባዳ ቦታ ላይ ይጠራቀማል። ገበሬው ውርጭ የትኛውን ማሳ እንደሚመታ ያውቃል፤ ጠይቁት። ከወንዝ ዳርና ከጨፌ ሜዳ ራቁ፤ ከታችኛው ሜዳ ጥቂት ከፍ ያለ ተዳፋት ላይ ብታድሩ የብዙ ዲግሪ ልዩነት ታገኛላችሁ። ገደል አፋፍ ላይ ግን አትውጡ፣ ነፋሱ ያገኛችኋል። በስተምሥራቅ የተገለጠ፣ በነፋሱ በኩል የድንጋይ ካብ ወይም ቤት ያለው ቦታ ከተገኘ አይለቀቅ። ባሕር ዛፍ ነፋስ ይከላከላል፤ ሥሩ ግን አይታደርም፣ ቅርንጫፍ ይጥላል። ደግሞም ባለቤቱን አስፈቅዶ ግቢ ውስጥ ማቆም ከሌባም ይጠብቃል፣ ጧትም ቡና ያስጠራል።

የተሽከርካሪ ትልቁ ጥቅም ጎማ ያለው መሆኑ ነው፤ ይህን የሚረሳ ሰው ግን ይገርመኛል። በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ በአማካይ በስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይጨምራል። ከደሴ ተነስታችሁ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ የተጓዛችሁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የከበዳችሁን ልብስ ግን ማውለቅ ትጀምራላችሁ። የደጋውን ወፍጮ ሥራ በጥቅምት ጨርሳችሁ የታኅሣሥን ብርድ ሐይቅ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ብታሳልፉት ምን አለበት? ወደ በሽሎ ሸለቆ ወርዶ ማደርም ይሞቃል፤ እዚያ ግን አጎበር ያስፈልጋል፣ ቆላው ወባ አለው።

የወረቀቱን ነገር ባጭሩ። የሕዝብ ማመላለሻ ተብሎ በሊብሬ የተመዘገበን መኪና መስኮቱን ዘግቶ፣ ወንበሩን አውጥቶ መንዳት በዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ላይ ጥያቄ ያስነሳል። ሥራውን ሳይጀምሩ የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱን ጠይቀው የሚፈለገውን ለውጥ ያስመዝግቡ። የጋዝ ሲሊንደሩንም ከመኖሪያው ውጭ፣ ከታች ክፍት በሆነ ሣጥን ያስሩት፤ ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል እንጂ በጣሪያው ቀዳዳ አይወጣም። እንጀራ የሚጋገረው ውጭ ነው። አንድ ጊዜ ውስጥ የተጋገረ እንጀራ የሚለቀው እንፋሎት ለሁለት ቀን ግድግዳውን ያላብሰዋል።

ጊዜውን እንዲህ ቢከፋፍሉት ይሻላል። ክረምቱን ላሜራው ሳይሸፈን ያሳልፉ፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ የሚያንጠባጥብበትን ቦታ ሁሉ ከውስጥ ሆነው በኖራ እየከበቡ ይመዝግቡ። ፎም ከተለጠፈ በኋላ የሚፈስ ጣሪያ ማግኘት ከባድ ነው። ጳጉሜን ላይ ብየዳውና የሲልከን ማሸጊያው፣ በመስከረም ፎሙና ኮምፔንሳቶው ይሠሩ። በጥቅምት መጨረሻ ደሴ ላይ አቁመው ሙቀት መለኪያና ማስጠንቀቂያው በትራስጌዎ ሆነው ብቻዎን ጥቂት ሌሊት ይደሩበት። ጧት የአመዳዩን ሰንበር ያዩና ያስተካክሉ። ባለቤትዎ አላድርበትም ማለታቸው ትክክል ነበር። ግድግዳው ደርቆ ካደረና ማስጠንቀቂያው ካልጮኸ፣ ያኔ መጥተው ራሳቸው ይዩት፤ አልጋው በየትኛው ጎን እንደሚሆንም እርሳቸው ይምረጡ።